ከድሬዳዋ ሆኖ ውሱን እትም መጽሐፍ መሰብሰብ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «አቦ ሰላም ነው? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለልደቴ አንድ መጽሐፍ ላከችልኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ 500 ቅጂ ብቻ እንደታተመና የእኔው ቁጥር 312 እንደሆነ ተጽፏል። ደራሲው በእጁ ፈርሞበታል። በጨርቅ የተለበጠ ማኅደርም አለው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነክቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። እኔም መሰብሰብ ልጀምር? የትኞቹን አሳታሚዎች ልከተል? ጓደኞቼ ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ እንደ ኢንቨስትመንት ነው ይሉኛል። እውነት ነው? እዚህ ሙቀት ውስጥስ እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

መልስ፦ የድሬ ልጅ ስለሆንክ «አንተ» እያልኩ ነው የምመልስልህ። እኔ ሐረር የምኖር መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። አሮጌ መጻሕፍት እጠግናለሁ። የውጭ ትንንሽ አሳታሚዎችን ሥራም ለብዙ ዓመት ስከታተል ኖሬያለሁ። ለጥያቄህ አጭሩ መልስ «ጀምር» ነው። ለገንዘብ ብለህ ግን አትጀምር። ረጅሙ መልስ ይኸውልህ።

መጀመሪያ እጅህ የገባው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ትልልቅ አሳታሚዎች አንድን ልቦለድ በብዙ ሺህ ቅጂ ያወጡታል። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ጀርባው በኮላ የተለጠፈ ነው። ትንንሾቹ ልዩ አሳታሚዎች ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ከባለመብቱ ላይ ፈቃድ ይገዙና ሠዓሊ ይቀጥራሉ፣ ወረቀት ይመርጣሉ፣ ጠራዥ ይፈልጋሉ። ከዚያ ቁጥሩን ቆርጠው ያትማሉ። ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩባቸው ቤቶች ናቸው። አንድ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በተለያየ ደረጃ ይወጣል። ዝቅተኛው ፊርማ የሌለው ቅጂ ነው። መካከለኛው እንደ አንተ ያለ ቁጥር ያለውና የተፈረመበት ነው። ከፍተኛው በቁጥር ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚሰጠው ነው። ፊደሉ 26 ስለሆነ ቅጂውም 26 ብቻ ነው። ይኼኛው አብዛኛውን ጊዜ በቆዳ ይጠረዛል፤ ዋጋውም የመካከለኛውን ብዙ እጥፍ ነው። ገና ስትጀምር ወደ እሱ አትመልከት።

ይህ ልማድ የመጣው ከንዴት ነው። ዊልያም ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ በዘመኑ የሚታተመው መጽሐፍ ሁሉ አስቀያሚ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ውስጥ ኬልምስኮት ፕሬስን አቋቋመ። ፊደሉን ራሱ ነደፈ። ወረቀቱን በእጅ አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1896 የጥንቱን እንግሊዛዊ ገጣሚ የቾሰርን ሥራዎች በ87 ሥዕል አስጊጦ አወጣ። 425 ቅጂ በወረቀት፣ 13 ቅጂ በብራና። እኛ አገር ቁም ጸሐፊ ዛሬም ብራና ይፍቃልና ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ሞሪስ የፈለገው የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች የነበራቸውን ጥንቃቄ ወደ ማተሚያ ማሽኑ መመለስ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍቅር ነው የሠራው። ላቭክራፍት የሚባል የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊ ድሃ ሆኖ ሞተ። ሁለት ወዳጆቹ ሥራዎቹን ሰብስበው አሳታሚ ቢፈልጉ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1939 አርካም ሃውስ ብለው ራሳቸው አሳታሚ ሆኑ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ 1,268 ቅጂ አሳተሙ። ዋጋው 5 ዶላር ነበር። ተሸጦ እስኪያልቅ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ የዚያ መጽሐፍ ደህና ቅጂ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ሁለቱ ሰዎች ግን ያን ጊዜ የሚያስቡት የወዳጃቸው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር። እኔ ስለ ትንንሽ አሳታሚዎች ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይኼ ነው። ጽሑፉን የሚወድ ሰው ነው ጥሩ መጽሐፍ የሚሠራው።

አሁን ወዳለህ መጽሐፍ እንመለስ። ከመጨረሻው ወይም ከመጀመሪያው ገጾች በአንዱ ላይ የሚገኘውን የቁጥር ገጽ ደህና አድርገህ አንብበው። ጥሩ አሳታሚ እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ይናገራል። ስንት ቅጂ እንደታተመ፣ የት እንደታተመ፣ ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ የፊደሉ ስም፣ ጠራዡ ማን እንደሆነ ይጽፋል። «ውሱን እትም» ብቻ ብሎ ቁጥሩን የማይናገር መጽሐፍ ካጋጠመህ እለፈው። ማለቂያ የሌለው ውሱን ብዙ አለ።

ቀጥሎ ፊርማውን እይ። መጽሐፉን ወደ መስኮት ይዘህ ሂድ። የሰዓት ጠጋኝ ማጉያ መነጽር ተዋስ። የፊርማው ሁለት መስመሮች የሚቋረጡበትን ቦታ ፈልግ። በብዕር የተፈረመ ከሆነ መገናኛው ላይ ቀለሙ ጠቆር ይላል። እጁ ከወረቀቱ የተነሣበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይሳሳል ወይም ይጠራቀማል። በኳስ እስክሪብቶ ከሆነ ቅጠሉን ገልብጠህ በጣትህ ስትዳብሰው መስመሩ ይሰማሃል። ማሽን ያተመው ፊርማ ግን አንድ ወጥ ነው፤ አንዳንዴም በመነጽሩ ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተደረደሩበት ነው። የተፈረመበት ቅጠል ከሌላው ገጽ ጋር ወረቀቱ ባይመሳሰል አትደንግጥ። አሳታሚዎች ባዶ ቅጠሎችን በክምር ለደራሲው ይልካሉ። ፈርሞ ሲመልስ ጠራዡ ከመጽሐፉ ጋር ያያይዘዋል። ለዚህ ነው ያ ቅጠል አንዳንዴ ወፈር የሚለው።

ከዚያ ጥረዛውን ተመልከት። ለእኔ ከፊርማው ይልቅ ይኼ ይበልጣል። መጽሐፉን ዘግተህ ስሙ የተጻፈበትን ጠባብ ጎን ከላይ በኩል ተመልከተው። ቅጠሎቹ በትንንሽ እጥፋት ተቧድነው ካየህ መልካም ነው። አንዱን እጥፋት መሀሉ ላይ ክፈተው። ክር ታያለህ። ያ መጽሐፍ የተሰፋ ነው፤ ቢከፈት ቢዘጋ አይበተንም። ክር ከሌለና ቅጠሎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተቆርጠው ኮላ ላይ ከተለጠፉ፣ የድሬ ሙቀት ይፈትነዋል። ኮላው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቅጠሉ አንድ በአንድ እጅህ ላይ ይቀራል። እዚህ አገር ልቦለድ አንብቦ መሀሉ ገጽ ያልወለቀበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ውድ ዋጋ ጠይቀው በኮላ የሚለጥፉ አሳታሚዎች አሉ። በቆዳ መሰል ሽፋንና በወርቅ ቀለም አትታለል። ክሩን ፈልግ።

አንዳንዶቹ ደግሞ እስከ ዛሬ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ያትማሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው አሪዮን ፕሬስ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ፊደሉን ራሱ ያቀልጣል፣ ያፈሳል። እኛ አገርም ብርሃንና ሰላምን በመሰሉ ማተሚያ ቤቶች ፊደል ለቃሚዎች በትዕግሥት አንድ በአንድ እየለቀሙ ሲደረድሩ የኖሩ ናቸው። እንዲህ የታተመ ገጽ ላይ መብራት ከጎን አብራበት። ፊደሉ ወረቀቱን ጫን ብሎት ታያለህ። ፊደል ሳይደረደር፣ ኦፍሴት በሚባለው ዘመናዊ ማሽን የታተመ ገጽ ግን ልሙጥ ነው። ኦፍሴት መጥፎ አይደለም፤ አብዛኞቹ ጥሩ እትሞችም በኦፍሴት ነው የሚታተሙት። በእርሳስ ፊደል ታተመ ብለው ሲያስከፍሉህ ግን የከፈልክበትን ማየት አለብህ።

የትኞቹን ልከተል ላልከው፣ ከአሳታሚው ሳይሆን ከምታነበው ተነሣ። ምናባዊ ልቦለድና አስፈሪ ታሪክ የምትወድ ከሆነ ሚሺጋን ያለው ሰብተራኒያን ፕሬስና ኮሎራዶ ያለው ሴንቲፒድ ፕሬስ ጥሩ መነሻ ናቸው። የዓለም ሥነ ጽሑፍ ከሆነ ምርጫህ የለንደኑ ፎሊዮ ሶሳይቲ አለልህ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው። እሱ እንኳ ትንሽ የሚባል ቤት አይደለም። መደበኛ እትሞቹ ግን ዋጋቸው ከውሱኖቹ በጣም ያነሰ ነው፤ ዓይንህን ለማሠልጠን ይበቁሃል። አንድ አሳታሚ ምረጥ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ ግዛ። ካነበብካቸው በኋላ ወደ ሌላው ተሻገር። ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰው ደመወዙም መደርደሪያውም አይበቃውም።

ስለ ገንዘቡ ጓደኞችህ የነገሩህ ግማሹን ነው። የሚጨምሩ አሉ። የማይጨምሩም አሉ፤ እነሱ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1929 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊሚትድ ኤዲሽንስ ክለብ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። እያንዳንዱን መጽሐፍ 1,500 ቅጂ አካባቢ እያተመ፣ እያስፈረመ ለአባላቱ ይልክ ነበር። ሥራው ዛሬም ያምራል። ግን ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ብዙው አሁንም ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ቁጥሩ ተጽፏል፣ ፊርማው አለ፣ ዕድሜውም ገፍቷል። የሚፈልገው ሰው ከቅጂው ስላነሰ ዋጋው ዝም አለ። ከእነዚያው ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የአየርላንዳዊው ደራሲ የጆይስ «ዩሊሲስ» ሌላ ነው። ሥዕሉን የሠራው ታዋቂው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ማቲስ 1,500ውንም ቅጂ ፈረመ። ጆይስ የፈረመው 250 ያህሉን ብቻ ነው። ማቲስ የሣለውም የጆይስን ታሪክ ሳይሆን የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜርን «ኦዲሲ» ነበር። ሁለቱ ፊርማ ያለበትን ቅጂ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

ሐረር ላይ ሆኜ ስለ ብርቅ መጽሐፍ ሳወራ ራምቦን ማለፍ አልችልም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር መጥቶ ነጋዴ ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1873 «በሲኦል አንድ ወቅት» የሚለውን መጽሐፉን ብራስልስ ውስጥ አሳትሞ ነበር። 500 ቅጂ ነው። የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ሳይጨርስ ቀረ። ጥቂት ቅጂ ብቻ ወስዶ ለወዳጆቹ ሰጠ። የቀረው መጋዘን ውስጥ ተረሳ። ሰዉ ለብዙ ዓመት ራምቦ ራሱ ያቃጠለው ይመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ቤልጂየማዊ መጽሐፍ ወዳድ ሌላ ነገር ሲፈልግ ክምሩን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አገኘው። ገጣሚው ከሞተ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። እዚህ ሐረር ውስጥ ቡና ሲነግድ፣ ጠመንጃ ሲያሻሽጥ፣ መጽሐፉ እዚያ አቧራ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ያንን እትም «ውሱን» ብሎ የሰየመው ማንም የለም።

የእኛው የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ»ም እንዲሁ ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ወጣ። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ዛሬ የመጀመሪያውን እትም ደህና ቅጂ ያገኘ ሰብሳቢ አይለቀውም። ብርቅነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። አሳታሚው ቁጥር ስለጻፈ ብቻ አይመጣም። ስለዚህ መጽሐፍ ስትገዛ ነገ የሚገዛህ ባታገኝ እንኳ ደስ ብሎህ የምታስቀምጠው ይሁን። የምታተርፍ ከሆነ እሰየው።

አገዛዙ ላይ ደግሞ እዚህ ሆኖ ያለውን ችግር አንተም ታውቀዋለህ። ተራው የባንክ ካርዳችን የውጭ ሱቅ ላይ አይከፍልም። መንገዱ እህትህ ናት። እሷን ግን በደንብ አስረዳት። እነዚህ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ሳያትሙ ቀድመው ገንዘብ ይቀበላሉ። ከዚያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቁ ይችላሉ። ስለዚህ በካርድ ትክፈል፤ መጽሐፉ ሳይመጣ ቢቀር በባንኳ በኩል ለመጠየቅ ይረዳታል። ስሙ ያልተሰማ አዲስ አሳታሚ ከሆነ የመጀመሪያ መጽሐፉን አውጥቶ እስክታዩ ጠብቁ። አንዳንድ አሳታሚዎች ቀድሞ የገዛ ደንበኛ ቀጣዩንም በዚያው ቁጥር እንዲገዛ ቅድሚያ ይሰጣሉ። ያንተ 312 ከሆነ ቀጣዩም 312 ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ቁጥሬ እንዳይቋረጥ ብሎ የማያነበውን ሁሉ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። ቁጥሩ ይቋረጥ።

መጽሐፉ ሲደርሳት እሷ ትክፈተው። ማዕዘኑን፣ ማኅደሩን፣ የቁጥር ገጹን አይታ ፎቶ ታንሣ። የተጎዳ ከሆነ መመለስ የምትችለው እሷ ናት። አንዴ ድሬ ከገባ በኋላ መመለስ ዘበት ነው። ለማምጣት የሚሻለው በሰው እጅ ነው። ያውም ከእጅ ሻንጣ ጋር፣ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ። በፖስታ ከሆነ የመከታተያ ቁጥር ያለው ይሁን። በካርቶኑና በመጽሐፉ መሀል በአራቱም በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተትቶ ደህና ተደርጎ ይጠቅጠቅ። መጽሐፍ ሲወድቅ የሚመታው ማዕዘኑን ነው። የግዢ ደረሰኙንም አብራ ትላክ፤ ጉምሩክ ላይ ያለ ደረሰኝ መከራከር ከባድ ነው። ካርቶኑ የመጣልህ ቀን ደግሞ ወዲያው አትቅደደው። ከቀዝቃዛ አውሮፕላን ወደ ድሬ ሙቀት የገባ መጽሐፍ አንድ ቀን እንደታሸገ ይረፍ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍልህ ነው፤ ሥራዬ ነውና።

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ከፍታው 1,900 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ አየሩም ሌላ ነው። መጽሐፍ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ድሬ ላይ ቆዳው ይደርቃል፣ ኮላው ይሰባበራል። ሐረር ላይ በክረምት እርጥበት ይገባውና ሽፋኑ ይቆለመማል። ከሁለቱም የሚከፋው ግን መለዋወጡ ነው። ቀን ላይ እንደ ምጣድ የሚግል፣ ሌሊት የሚበርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ መጽሐፍ ይገድላል።

አንተ ፋርማሲስት ነህ። መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚለውን ነገር ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ አለ አይደል? አንድ ለቤትህ ግዛ። መጽሐፍ የሚወደው እርጥበት ከ35 እስከ 55 በመቶ ያለው ነው። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በታች ቢሆን ይመረጣል። ድሬ ላይ ይኼን ማግኘት አይቻልም፤ አትጨነቅ። ክፍሎችህን ለካቸውና ቀኑን ሙሉ ብዙ የማይለዋወጠውን ምረጥ። ብዙ ጊዜ የቤቱ መሀል፣ ፀሐይ የማይመታው የውስጥ ግድግዳ ነው የሚያሸንፈው። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ጣሪያቸውም ከፍ ያለ ነው። የምትኖረው በእነሱ ውስጥ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤትም በወፍራም ግድግዳው ውስጥ መደርደሪያ ተቦርቡሮለታል። መጽሐፍ እዚያ ቀዝቀዝ ብሎት ይቀመጣል።

ፀሐይ አታሳየው። የሽፋን ቀለም፣ በተለይ ቀይና ሐምራዊ፣ በጥቂት ወራት ይገረጣል። ማኅደሩ ዋናው ሥራው ይኼንን መከላከል ነው። ግን ማኅደር አንድ በኩል ክፍት ነው። በዚያ በኩል የሚታየው ስሙ የተጻፈበት ጀርባው ነውና መደርደሪያውን ከመስኮት ፊት አታቁመው። መጽሐፉን ከማኅደሩ ስታወጣ በጣትህ ጫፉን እየሳብክ አትጎትት። ማኅደሩን ወደ መዳፍህ ዘንበል አድርግ፤ ራሱ ተንሸራቶ ይወጣል።

ስለ ጢስ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። እኛ ቤት ግን ዋናው ነገር ነው። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጢሱ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያርፍና ከአቧራው ጋር ይጣበቃል። ከዓመታት በኋላ የላይኛው ጠርዝ ይቦዝዛል፤ በደረቅ ስፖንጅ እንኳ አይለቅም። ቡናው ሳሎን ከሆነ መጽሐፉ ሌላ ክፍል ይሁን። ቬንትሌተርም በቀጥታ አይንፈስበት። የድሬን አቧራ ቅጠሉ ውስጥ ነው የሚነዳው።

በፌስታል አትጠቅልል። ብዙ ሰው ከአቧራ ያዳንኩ እየመሰለው ይጠቀልላል። እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል፤ ሻጋታ ይመጣል። ለተማሪ ደብተር የሚሆነው ለስላሳ ፕላስቲክም አይሆንም፤ በሙቀት ከሽፋኑ ቀለም ጋር ይጣበቃል። ለተደራቢው ሽፋን የሚሆነው ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ፖሊስተር ነው። እህትህ ጥቅል ትላክልህ፤ ቀላል ነው። ስኮች ፕላስተር ደግሞ መጽሐፍ አጠገብ አይድረስ። ተቀዶ የመጣልኝን ወረቀት መጠገን ቀላል ነው። ፕላስተር የተለጠፈበትን ማዳን ግን ጣጣ ነው።

ለብልና ለሌሎች ነፍሳት ናፍታሊን አታስቀምጥ። ሽታው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፤ ለአንተም ጤና አይሆንም። ነፍሳት ያየህበትን የወረቀትና የጨርቅ ሽፋን መጽሐፍ በወፍራም ፕላስቲክ አየሩን አስወጥተህ አሽገው፤ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው አንድ ሙሉ ቀን እንደታሸገ ይቆይ። የቆዳ ሽፋን ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው አማክር። ምስጥ ካለ መፍትሔው ቤቱ ነው። መደርደሪያውን ከግድግዳው አርቀው፣ ከመሬትም ከፍ አድርገው። ቤትህ ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ ተወው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ለምን እንደምለው ይገባዋል።

ነጭ ጓንት አያስፈልግህም። እጅህን በሳሙና ታጠብና ደህና አድርገህ አድርቀው። ከሰዓት በኋላ ላብ ሲያስቸግርህ ተወው፤ ማታ አንብበው። ስምህን መጻፍ ከፈለግህ በእርሳስ፣ በስተኋላ ባለው ባዶ ቅጠል ጥግ ላይ፣ በትንሹ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ልቤ ያለበትን ልንገርህ። አንተ የምትኖረው የራሷ ትንሽ ማተሚያ ቤት የነበራት ከተማ ውስጥ ነው። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከሐረር አጠገብ በነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያቸው ማተሚያ አቋቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የሚል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። ማተሚያው በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ ቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ይባል ነበር። የባቡሩ ከተማ ናትና ወረቀትም ማሽንም ከጅቡቲ በቀላሉ ይደርስ ነበር። የአባ ቤትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመው እዚያ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. ያሳተሙት እዚያ ነው። አለቃ ድሬዳዋ ኖረዋል፤ ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ ነበር። ሳያሳትሙት አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራቸውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

እነዚህ መጻሕፍት ላይ ቁጥርና ፊርማ የለም። ግን ፊደላቸው በእጅ ተለቅሟል፣ በጥንቃቄ ታርሟል፣ የታተሙትም ለጥቂት አንባቢ ነው። ብዙዎቹ ተበትነዋል። የአሜሪካኑን እትም ከአንተ ሌላ 499 ሰው ይዞታል፤ የእነዚህን ግን ማን እንደያዛቸው የሚያውቅ የለም። ሁለቱንም ሰብስብ። እህትህ በዓመት አንድ ትላክልህ። አንተ ደግሞ ቀፊራና አሸዋ ገበያ ስትሄድ፣ አዲስ አበባ ስትወጣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ጎራ በል። አሮጌ የድሬ ቤተሰቦችን ጠይቅ፤ ሣጥን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ብዙ ነው። ሐረር ስትመጣም የሸሪፍ ሙዚየምን እይ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች እዚያ አሉ። የጥንቱን የሐረር ጥረዛ ራሳቸው ተምረው እንዲያንሰራራ ያደረጉ ሰው ናቸው። ሽፋኑ እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፎ የቅጠሉን ጫፍ ሲሸፍን ታያለህ። ከአቧራ ለመጠበቅ ከዚያ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

የእጅ ጽሑፍ ግን አትግዛ። ብራናም ሆነ የዓረብኛ ጥንታዊ ጽሑፍ ሊሸጥልህ የሚመጣ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቅና ተመለስ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ከዚያም በላይ፣ ያ መጽሐፍ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከአንድ መስጊድ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

የቅዱስ አልዓዛርን ኅትመት ካገኘህ መጀመሪያ የርእሱን ገጽ ተመልከት። ድሬዳዋ የሚለው በአማርኛ ወይም በፈረንሳይኛ ታች ላይ ይጻፋል። ገጾቹን ቁጠር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ብታገኘው አትጣለው፣ አዲስ ሽፋንም አታሠራለት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው፣ በጥጥ ክር ዙሪያውን እሰረውና ይዘህልኝ ሐረር ና። ጥገናውን አብረን እናየዋለን።